ቀለም የተቀባ ጦር

መሪጌታ ይርጋን ያገኟቸው ቅዳሜ ጥር 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በጠዋት ከብት ሊያሰማሩ የወጡ ጎረቤቶች ናቸው። በአለበል የገብስ ማሳ ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ ወደ ወገዳ ከሚወስደው የጠጠር መንገድ ሃያ እርምጃ ገባ ብለው፣ በደረታቸው ተደፍተው ነበር። ከቀኝ ትከሻቸው በላይ፣ ልክ ከአንገታቸው ሥር፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ነጠላቸው በደም ደርቆ ከታጨደው ገብስ ጉቶ ጋር ተጣብቋል።

ከንፋስ መውጫ ተልኬ ስደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ከሁለት መቶ የማያንስ ሰው ማሳውን ሲረግጠው አርፍዷል፤ ዱካ ብሎ ነገር አልተረፈም። ሃያ ሁለት ዓመት በፖሊስነት ሳገለግል ሬሳ አስጠልቶኝ አያውቅም። የሚያስጠላኝ ሬሳውን ከቦ የሚቆመው ሰው ነው። ከንፈሩን እየመጠጠ ማስረጃ ይረግጣል።

"ማን ገደላቸው?" ብዬ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም።

"አለበል ነዋ!" አሉኝ በአንድ አፍ።

እንዲህ ለማለት ምክንያት ነበራቸው። አለበልና መሪጌታ በዚያ ማሳ ድንበር ሁለት ዓመት ሲካሰሱ ኖረዋል። ከገና በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ አለበል ተናዶ፣ "ሁለተኛ ይህን ድንበር የረገጠ ጦሬን ይቀምሳል!" ብሏል። የአርብ ገበያው ኮንስታብል አንዱዓለም ቤቱን ፈትሾ ጦሩን ይዞ መጣ። ጦሩ ታጥቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ ያብለጨልጫል።

"ለምን አጠብከው?" አልኩት አለበልን። እጆቹ በካቴና ታስረዋል።

"ለጥምቀት ነዋ ጌታው! ታቦት ልሸኝበት። እንደ ዛገ ይዤው ልውጣ?"

"ትናንት ከሰዓት እስኪመሽ የት ነበርክ?"

"አውድማ ላይ።"

"ማን አየህ?"

"በሬዎቼ።"

ሰዉ ሳቀ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሰውየው ግን ፊቱ ላይ የገዳይ ፍርሃት አላየሁበትም፤ ይልቅስ ያየሁት የተናደደ ገበሬ ነው። ያን ጊዜ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከፊት ላይ የሚነበብ ነገር መዝገብ ላይ አይጻፍም።

አስከሬኑ ለምርመራ ንፋስ መውጫ መድረስ ነበረበት። የፖሊሱ ፒክአፕ አለበልን ጭኗል። ያኔ አቶ ጣሰው የሚባሉ የእህል ነጋዴ ቀረቡ። ያንን የድንበር ክርክር ከያዙት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ ነጭ ፒክአፕ አላቸው።

"መሪጌታን እኔ አደርሳቸዋለሁ፤ ምንም አልፈልግም" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ሕዝቡ መረቃቸው። እኔም "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ያቺ ምስጋና እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ትመረኛለች።

*

ሰኞ፣ ቀብሩ ባለፈ ማግስት፣ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ዋለ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር፣ በር ላይ ቆሟል።

"እናቴ፣ መሪጌታ አርብ ለት የት ሄደው ነበር?"

"ገበያ ነዋ፣ ልጄ። ለጥምቀት ጧፍ ሊገዙ።"

"በእግራቸው?"

"በእግራቸው። ሚካኤልን ሳይሳለሙ አያልፉም፤ መኪና ቢሳፈሩ ማን ያቆምላቸዋል? መሳለሚያው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ወገባቸውን አጥፈው አቡነ ዘበሰማያትን እስኪጨርሱ ቀና አይሉም። ዝናብ ቢወርድባቸውም እንደዚያው።"

ጧፍ የሚለውን ጻፍኩ። ማሳው ውስጥ ጧፍ አላገኘንም።

ዋለ ወደ ውጭ ጠራኝ። "ኢንስፔክተር፣ እስከ ጥምቀት ነው የታገስኩት። ሽማግሌዎቹ፣ ይልቁንም ጋሽ ጣሰው፣ ለምነውኝ ነው።"

"አለበል እኮ ታስሯል።"

"ወንድሙ አልታሰረም።"

"አንተ የሂሳብ መምህር ነህ! ወንድሙ ምን አደረገ?"

"ምንም። ሕጉንም አውቀዋለሁ። ግን ዛሬ ለቅሶ ሲደርሱኝ ተማሪዎቼ እንዴት እንዳዩኝ እርስዎ አላዩም።"

የተማረ ሰው እንዲህ ሲናገር መስማት ያቅለሸልሻል። ግን ውሸቱን አልነበረም። አርብ ጥምቀት ነው፤ አራት ቀን ቀርቶኛል። አራት ቀን ውስጥ ሌላ እውነት ካላመጣሁ ምንም ያላደረገ ሰው ይሞታል፣ ይህም መምህር ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል።

ልወጣ ስል ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከመደቡ ሆነው፣ "ጣሰውን እግዜር ይስጠው" አሉኝ። "አስከሬን አመላልሶልኝ፣ ደግሞ መሪጌታ በተሰበረ በር አይገቡም ብሎ የሚካኤልን በር ለቀብሩ በብረት አሠራው።"

"ደግ ሰው ናቸው" ብዬ ወጣሁ።

*

አስከሬኑን የመረመረችው ዶክተር ሩት ትባላለች። ወጣት ናት፤ ንፋስ መውጫ ከተመደበች ዓመት አይሞላትም። ማክሰኞ ቢሮዋ ስገባ ወንበር እንኳ ሳትጋብዘኝ ጀመረች።

"ሪፖርቴን አንብበውታል?"

"በጦር ተወግተው ይላል አዛዣችን።"

"እኔ ጦር የሚል ቃል አልጻፍኩም! ሹል ብረት ነው ያልኩት።" አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ብርሃን ላይ ይዛ አሳየችኝ። ሥሯ ላይ ጥቁር ቅርፊት አለ። "ከቁስሉ ውስጥ ያወጣሁት ነው። ቀለም ነው። እናንተ አገር ጦር ቀለም ይቀባል?"

"አይቀባም።"

"ሁለተኛ፣ ብረቱ ከትከሻ ገብቶ ወደ ሆድ ነው የወረደው። ሦስተኛ፣ የግራ ትከሻቸውም ተሰብሯል። አንድ ሰው በአንድ ጦር ሁለት ትከሻ በአንድ ጊዜ አይመታም።"

"ሌላስ?"

ድምፅዋ ዝቅ አለ። "መዳፋቸው ውስጥ የገብስ ጉቶ ነበር፤ ጥፍራቸው ውስጥ አፈር። ማሳው ውስጥ ሕይወት ነበራቸው፣ ኢንስፔክተር። ምናልባት አንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ቶሎ ቢያመጧቸው ኖሮ…"

ለአዛዡ ደወልኩ። "አለበል እርከን ላይ ቆሞ ቁልቁል ወጋቸው፤ ሲታገሉ አፈር ጨበጡ። ምን ያስቸግራል? ፈርምና ጨርስ" አለኝ። ስለ ቀለሙ ስነግረው፣ "ቀለም የትም አለ" ብሎ ዘጋው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

*

ረቡዕ ጠዋት አንዱዓለም በፖሊሱ ፒክአፕ ወደ ማሳው ይዞኝ ሲሄድ መሳለሚያው ጋ አስቆምኩት። ድንጋዩ ከአለበል ማሳ አንድ ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ፣ መንገዱ ዳር ነው። ከገበያ የሚመለስ እግረኛ እዚያ ሲደርስ የሚካኤል ኮረብታ ከፊቱ ቀጥ ብሎ ይታየዋል።

"አንተ ፊት ለፊት ሂድና መኪናውን አዙረህ ና፤ እኔ ተሳልሜ እጠብቅሃለሁ" አልኩት።

እንደ መሪጌታ ለማድረግ አስቤ አልነበረም፤ የእናቴ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ ነው። ባርኔጣዬን አውልቄ ወገቤን አጥፌ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ። ሳልጨርስ የሞተር ድምፅ መጣ፣ ቀረበ፣ አሁንም ቀረበ። ዓይኔን ስገልጥ አንድ ጥቁር ሹል ብረት ከአንገቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ጮኼ ወደ ቦዩ ወደቅሁ።

አንዱዓለም ፍሬን ይዞ፣ ዘሎ ወረደ። "ጌታዬ! የት ገቡብኝ? አሁን ቆመው ነበር እኮ ያየሁዎት!"

"ጎንበስ ብዬ ነበር።"

"ከኮፈኑ በታች ሰው አይታይም! ብረቱም ይከልላል።"

ተነስቼ የመኪናውን ፊት አየሁት። አራት ቀን ሙሉ ከኋላው ተቀምጬ ስመላለስ አንድም ቀን አላየሁትም። ወፍራም የብረት ቱቦ በፊት መከላከያው ላይ ታስሯል፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሹሎች እንደ ጦር ወደ ፊት ወጥተዋል። ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል።

"ይህን ማን ሠራው?"

"አርብ ገበያ ማስረሻ። ከብት ሲገባ መኪናዋን እንዳይጎዳት ተብሎ ነው። ለግርማም ጥሩ ነው።"

ለግርማ! እንደገና ጎንበስ እንድል አድርጎ ቁመቱን በሜትር ለካልኝ። ሹሉ ከታጠፈ ሰው ትከሻ ጋር እኩል ነው። የቆመን ሰው ጉልበትና ጭን የሚመታ መኪና፣ የሚሳለምን ሰው አንገቱ ሥር ገብቶ ወደ ሆዱ ይወርዳል። አለበል እርከን ላይ መቆም አላስፈለገውም።

ቦዩ ውስጥ ከወደቅሁበት አጠገብ ጠጠሩን በእጃችን በተንን። ብዙ አልፈለግንም። የተሰባበረ ጧፍ፣ ክሩ ከሰሙ ጋር፣ አፈር ለብሶ እዚያው ነበር።

*

ማስረሻ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀበለን። ሥራውን ስጠይቀው ደስ አለው።

"እንደዚህ ባለ ሹል ሦስት መኪና ሠርቻለሁ። አንዷ የእናንተ ናት።"

"ሁለተኛዋ?"

"እሷ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ንፋስ መውጫ ቆማለች፤ ከድልድይ ጋር ተጋጭታ። ታዲያ ብረቴ ንቅንቅ አላለም!" ደረቱን ነፋ።

"ባለቤቱስ?"

"እሱ ደረቱ መሪው ላይ ተሰባበረ። ሞቷል።"

በኋላ ዶክተር ሩትን ስጠይቃት፣ የመኪና ፊት የሚጨማደደው ጉዳቱን ራሱ እንዲወስድ ነው አለችኝ፤ ብረቱ እምቢ ካለ ጉዳቱ ወደ ሰው ያልፋል፣ ወይ ውጭ ወዳለው፣ ወይ ውስጥ ወዳለው። ማስረሻ ግን የደንበኛውን ሞት እንደ ማስታወቂያ ያወራዋል።

"ሦስተኛዋስ?"

"የአቶ ጣሰው።"

ቅዳሜ ለት የጣሰው መኪና ፊት ላይ ምንም ብረት አልነበረም። በደንብ አስታውሳለሁ፤ አስከሬኑን ስንጭን ከፊቷ ቆሜ ነበር።

"ብረቱ የት ሄደ?"

"ለቦሎ ምርመራ አወለቅነው። በብሎን ነው የሚታሰረው፤ ምርመራ ሲደርስ ይወልቃል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ የእናንተም እንዲሁ ነው።"

"መቼ አወለቅከው?"

"አርብ። ከቀትር ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ እዚሁ ግቢ ነበረች።"

ይህ ጥሩ ምስክርነት ነው። ሹል የሌላት መኪና፣ ደግሞም ከግቢ ያልወጣች። ሌላ መርማሪ ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን ወደ እህል መጋዘኑ ሄድኩና የጣሰውን ፒክአፕ ዞር ዞር ብዬ አየኋት። ነጭ ቀለሟ በፀሐይ ደብዝዟል፤ ፊቷ ላይ ግን ብረቱ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ እንደ አዲስ ይነጣል። የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው። መስታወቷ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ አነበብኩ። በጥቅምት ተመርምራለች።

ወገዳ ፖሊስ ደወልኩ፤ በግማሽ ሰዓት መልስ መጣ። አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ ጣሰው ወገዳ ገበያ ጤፍ ሲጭኑ ያየ ሰው ብዙ ነው።

ወደ ማስረሻ ተመለስኩ።

"በጥቅምት ያለፈ ምርመራ በጥር ብረት ያስወልቃል?"

ዞሮ የብየዳ ዘንጎቹን ይሰበስብ ጀመር።

"ከቀትር ጀምሮ እዚህ የነበረች መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወገዳ ጤፍ ትጭናለች?"

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። "ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው የመጣው። ላም ገጨሁ አለኝ። ብረቱ ደም ነበር… ራሴ ነኝ ያጠብኩት።"

"ቅዳሜ የመሪጌታን ሞት ስትሰማስ?"

"ምን ልበል ጌታዬ? ጣሰው ደንበኛዬ ነው። ደግሞ አለበል ተይዞ ነበር።"

አለበል ተይዞ ነበር! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣ አይጧንም ሁሉም ያያታል። "ብረቱ አሁን የት ነው?"

ሲነግረኝ መጀመሪያ ያላገጠብኝ መሰለኝ። እንዳምነው በሚካኤል ማለልኝ።

*

ጣሰውን በዚያው ከሰዓት ጣቢያ አስጠራሁት። ሲገባ "አቶ ጣሰው፣ ይቀመጡ" አልኩት። በአክብሮት የጠራሁት ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ጧፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከጎኑ ብልቃጡን። የማስረሻን ቃል አነበብኩለት። ብዙ ጊዜ ላቡን ጠረገ፤ ቀጥሎ ሽማግሌ እንደሚያስታርቅ ለስለስ ባለ ድምፅ ጀመረ።

"ኢንስፔክተር፣ አደጋ ነው። ፀሐይ ከፊቴ ነበረች፤ ጎንበስ ያለ ሰው አልታየኝም። በሚካኤል አልታየኝም!"

"አምንሃለሁ። እስከዚያ ድረስ አደጋ ነው። ከዚያስ?"

"ከዚያማ… ሞተዋል ብዬ…"

"መዳፋቸው ውስጥ የአለበል ገብስ ጉቶ ነበር። የሞተ ሰው ጉቶ አይነቅልም።"

ራሱን አቀረቀረ። ውጭ አንዱዓለም ከሰው ጋር ሲያወራ ይሰማል።

"ብረቱ ላይ ነበሩ" አለ በመጨረሻ። "ስስባቸው ጮኹ። ከኋላ ጫንኳቸው፣ ሸራ አለበስኳቸው፣ መኪናዋን ወደ አለበል ማሳ አዞርኩ። ስሜን ጠሩኝ። 'ጣሰው፣ ውሃ' አሉኝ።"

"ሰጠሃቸው?"

"አልሰጠኋቸውም።"

"ሐኪም ቤት ልታደርሳቸው ትችል ነበር።"

"ደርሰው ቢድኑ ይናገራሉ። ብረቱ ክልክል ነው፤ መኪናዋ ትያዛለች። ከገዛኋት ገና ሁለት ዓመቷ ነው! አለበል ደግሞ በሰው ፊት ዝቷል…"

"ያን ዛቻ ሽማግሌ ሆነህ ተቀምጠህ ሰማህ። ለማስታረቅ ነበር የተቀመጥከው!"

"ለልጃቸው እኮ እስከ ጥምቀት ታገስ ብዬዋለሁ!" አለኝ፣ እንደ ውለታ።

ከዚህ በላይ አጠገቡ መቀመጥ አልቻልኩም። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ምራቄን ተፋሁ። ሰው በድንጋጤ ሲሳሳት አይቻለሁ፣ ፈርቶ ሲሸሽም አይቻለሁ። ይህ ግን ውሃ የለመነውን ሰው በጠላቱ ማሳ ጥሎ፣ በማግስቱ በዚያችው መኪና አስከሬኑን ጭኖ ምርቃት የተቀበለ ነው። ከሰው ነፍስ መኪናዬ ትበልጣለች የሚል ይመስላል።

አንዱዓለምን ብሎን መፍቻ እንዲያመጣ አዘዝኩት። የፖሊሱን መኪና ብረት እዚያው ግቢ ውስጥ ፈታነው። አዛዡ ስልክ ደውሎ፣ "ከብት ቢገባባትስ?" አለኝ። ዘጋሁበት።

*

ሐሙስ ከተራ ነው። አለበልን በጠዋት ፈትተን በጠባቂ ቤቱ አደረስነው። ከሰዓት ሚካኤል ስንደርስ ታቦቱ ሊወጣ ተቃርቧል፤ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ግቢውንም መንገዱንም ሞልቷል። የሚገባ ሁሉ በሩ ጋ ቆም ይልና ቋሚውን ብረት ተሳልሞ ያልፋል።

ዋለን አጥሩ ሥር አገኘሁት። ከጋቢው ሥር ምን እንደያዘ አላየሁም፤ ዓይኑ ግን ወዲያ ማዶ የቆመውን የአለበልን ታናሽ ወንድም አይለቅም። እጁን ይዤ እናቱ ወዳሉበት ወሰድኩትና ለሁለቱም ነገርኳቸው። የውሃውን ነገር ለማስቀረት ፈልጌ ነበር። ግን ዋለ፣ "ምን አሉ? አባቴ ምን ብለው ነበር?" ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

ዋለ በሕዝቡ መሐል ሰንጥቆ ማዶ ተሻገረ። የአለበል ወንድም ሲያየው ዱላውን አጥብቆ ያዘ። ዋለ እፊቱ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያዘ። ልጁ ዱላውን ጥሎ አነሳው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

አንዱዓለም ከበያጅ ያመጣውን የብረት መጋዝ ይዞ በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀኛል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ መጋዙን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

"ምን ልትቆርጡ ነው፣ ልጄ?"

"በሩን፣ እናቴ። ማስረጃ ነው።"

"በሩ ምን አደረገ?"

አሳየኋቸው። ከጣሰው መኪና የወለቀው ጥቁር ቱቦ ለሁለት ተቆርጦ፣ ግማሾቹ በበሩ ግራና ቀኝ ቋሚዎች ላይ ተበይደዋል፤ ሹላቸው ወደ ሰማይ ቆሟል። በሰው ቁመት ልክ ላይ ቀለሙ በከንፈርና በግንባር ብዛት ወዝቷል። ማስረሻ እንደነገረኝ ጣሰው፣ "ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ማን መጥቶ ብረት ይፈልጋል?" ብሎ ነበር።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ብረቱን አዩት። ዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ ወረደ።

"ከእሁድ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ስስመው ነበር እኮ" አሉኝ።

አንዱዓለም መጋዙን ብረቱ ላይ አሳረፈና መቁረጥ ጀመረ። እርሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ሁለቱም ብረቶች ተቆርጠው መሬት እስኪወርዱ ድረስ ቆመው ይጠርጉ ነበር።